በኅዳር ጽዮን ጠዋት የለጠፍኩት

ደብረ ታቦር
መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ ሲስተር የሺ፣

ሰላምታ አላበዛም። «እንደምን ከርመዋል» ብል፣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ያልጠየቀ ሰው ዛሬ ምን ነካው ይሉኛል፤ እውነትዎን ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ደኅና መሆኔ ነው።

ሬዚደንሲ ላመለክት ነው፤ የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ ልማር። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ የቀረኝ ምርጫ መሙላት ነበር። የዛሬ ሐኪም ምርጫ ከመሙላቱ በፊት ቴሌግራም ላይ ይጠይቃል። እኔም ጠየቅሁ። ስለ አንድ የትምህርት ፕሮግራም የሙያ ጓደኞቼ ማወቅ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ ሲኒየሮቹ ይሳደባሉ ወይ፣ እጅ ይሰጣሉ ወይ፣ የተረኛ ምግብ አለ ወይ። እጅ መስጠት የሚሉት ተማሪው ራሱ እንዲቀድ መፍቀድን ነው። የታካሚው ዓይን ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

በወሬ አልመርጥም፣ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ አልኩ። የሆስፒታሉን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ደብዳቤ የሚደርሰው ለተጻፈለት ሰው ብቻ እንዳልሆነ መሥሪያ ቤት ኖረን ተምረናል። ከመሄዴ በፊት ከመቶ የሚታሰብ መመዘኛ አዘጋጀሁ። አይሳቁ። ሬዚደንቱ በዓመት ለሚሠራው የዓይን ሞራ ብዛት ሃያ አምስት ነጥብ፣ ለመምህራኑ ሃያ፣ ለመሣሪያው ሃያ፣ ለስህተት አያያዝ አሥር፣ እያልኩ እስከ መኝታ ቤቱ ፍራሽ ድረስ ወረድኩ። ለስህተት አያያዝ አሥር ነጥብ ብቻ የሰጠሁት ለምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

አሁን የምጽፈውን ያውቁታል። ከእኔ እጅ ወጥቶ ስላላዩት ግን ከሥሩ ልጻፈው።

በኅዳር 2010 ከገሳይ ወዲህ ባለችው ጤና ጣቢያ የሞራ ዘመቻ ነበረን። ሐኪሞቹ የመጡት ከዚያው ሆስፒታል ነው። ኸድር፣ የደብረ ታቦሩ ልብስ ሰፊ ልጅ፣ አብሮ አደጌ፣ የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ሆኖ አብሯቸው መጥቶ ነበር። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። እርስዎ ኅዳር 20 ቀኑን ሙሉ ታካሚዎቹን በባትሪ እያዩ፣ የሚሠራው ዓይን ቀኝ ይሁን ግራ ካርዱ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ከሚሠራው ዓይን በላይ ግንባራቸው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፉ። ስልሳ ሦስት ሰው ነበር። ካርዶቹን ለማግስቱ በተራ አስይዘው ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቡ። እስከዚህ ድረስ የተበላሸ ነገር አልነበረም።

ማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነው። ቀኑን የመረጠው ሰው የቀን መቁጠሪያ አላየም፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ታካሚዎቹ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ወደ ማርያም ወረዱ። «ዓይናችን ሊከፈት፣ ጸበል ሳንረጭ?» አሉ። ቄሱ ደግሞ እጃቸው ቸር ነው፤ አንዱንም ሳይተዉ ፊት ፊታቸውን አራሱላቸው። ሲመለሱ አንዳንዱ ፕላስተሩን በመዳፉ ይዞ፣ አንዳንዱ ነጠላው ጫፍ ላይ ቋጥሮ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ጥሎት መጣ። አንዲት ሴት የመድኃኒት ነገር መስሏት ከማርያም ሥዕል ሥር አስቀምጣዋለች።

እርስዎ ውስጥ የቀዶ ሕክምናውን ዕቃ እየቀቀሉ ነበር። ደጅ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከውስጥ ሐኪሞቹ «ሰው አስገቡ እንጂ!» ይላሉ። ካርዶቹን አስወጥቼ እያንዳንዱን ላመሳክር ብል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ግማሽ ሰዓት በዚያን ዕለት ብዙ መሰለኝ።

ጥቅል ፕላስተር ኪሴ ነበር። «የትኛው ነው ዓይንዎ?» እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ግንባር ላይ ለጠፍኩ። አያ በላይነህ አሥራ ሁለተኛ ነበሩ።

«የትኛው ነው አባቴ?»

«የሚያስቸግረው ነዋ» አሉኝና ቀኝ እጃቸውን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አነሡ። ቀኝ ላይ ለጠፍኩ። «የሚቀጥለው!» አልኩ።

ኋላ ራሳቸው ሲነግሩኝ፣ እጃቸውን ያነሡት ዝንብ ሊያባርሩ ነበር።

ሞራው የጋረደው ግራውን ነው። ቀኛቸው ትንሽ ደመን ብትልም የሚያርሱባት፣ በሬ መርጠው የሚገዙባት፣ የቀረችላቸው ያች ነበረች። ጠብታ የሚያደርገው ፕላስተር አየ። ማደንዘዣ የሚወጋው ፕላስተር አየ። ጨርቅ የሚሸፍነው ፕላስተር አየ። ዓይን የሚያይ ጠፋ። ጨርቁ ከተሸፈነ በኋላ ደግሞ ሰውየው የለም፤ በቀዳዳ የምትታይ አንዲት ዓይን ብቻ ናት። ኸድር ያችን ዓይን ሠራ። በሦስተኛው ቀን መግል ያዘች፤ በአሥረኛው ጠፋች።

መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ውኃና ብስኩት ቀረበ። እርስዎ ተነሥተው «የእኔ ፕላስተር በመቀስ ይቆረጣል። ሰውየው ግንባር ላይ የነበረው በጥርስ የተቀደደ ነው» አሉ። ሰብሳቢው «ሲስተር፣ እኛ ዓይን ልናጣራ ነው የተሰበሰብነው፣ ጥርስ አይደለም» ሲል ቤቱ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፕላስተር በጥርሴ እንደምቀድ በከተማው ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «አፍህ መቀስ ነው? የበላኸውን ሽሮ ቁስል ላይ ልትለጥፈው?» ሲሉኝ ኖረዋል።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ዶክተር፣ ጠዋት ፕላስተር የነካ ሰው ነበር?»

«ከጸበል ሲመለሱ እርስ በርሳቸው ተለጣጥፈው ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» ስላልኩ ዋሸሁ አላልኩም። ለራሴ ያዘጋጀሁት መከላከያ ይኸው ነበር።

እርስዎ አዩኝ። ስሜን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠሩም። ኮሚቴውም «ምልክት ያደረገችው ነርስ ምልክቱ ጸንቶ መቆየቱን አላረጋገጠችም» ብሎ ጻፈ፤ መቀስና ወረንጦዎን ተረክቦ ካርድ ክፍል አስቀመጠዎት። ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍት ብሌናቸውን ሲወጋቸው የኖሩ ሴቶችን የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ሲሠሩ የኖሩት ሰው፣ መደርደሪያ ላይ ቁጥር ሲፈልጉ ዋሉ። ከስብሰባው ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩብዎ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም። እርስዎ ቀደሙኝ፤

«ባንቴ፣ አንተ ገና ትማራለህ።»

ብለውኝ አለፉ። በሁለተኛው ወር ሥራውን ለቀው ሐሙሲት እህትዎ ዘንድ ገቡ። እኔም ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ብዙ አሰብኩ። ስድብ ናት ብዬ ለማመን ሞክሬያለሁ፤ ስድብ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ዕዳዬን ከፍለውልኝ መሄድዎን ነው የነገሩኝ። እኔም ተቀብዬ ለፈተናው ማጥናት ጀመርኩ። ጥሩ ውጤት አመጣሁ።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ላይ ነው መመዘኛዬን ይዤ ወደዚያ ሆስፒታል የሄድኩት።

ኸድር አሁን ሁለተኛ ዓመት ሆኗል። ከስቷል፤ እጁ ግን ጨክኗል ይሉታል፤ በሐኪም ቋንቋ ሙገሳ ነው። ሁሉን አሳየኝ። ማይክሮስኮፑ ሁለት ነው፤ አንዱ ይሠራል። ሁለት ገዝቶ አንዱ ከሠራ ትልቅ ነገር ነው ብዬ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። መኝታ ቤቱ ውስጥ አራት አልጋና አምስት ሬዚደንት አለ።

«አምስተኛው የት ነው የሚተኛው?» አልኩት።

«አምስተኛው ሁልጊዜ ተረኛ ነው።»

«ሲኒየሮቹስ ይሳደባሉ?»

«ይሳደባሉ። ግን ስም ጠርተው ነው። ሌላ ቦታ እኮ በጅምላ ነው የሚሰድቡህ፤ ድርሻህን እንኳ አታውቅም።»

ሬዚደንቶቹ የሠሩትን ዓይን ሁሉ የሚመዘግቡበትን መዝገብ ገለጥኩ። ቁጥሩ ያስጎመጃል። ታካሚዎቹን የሚያዩት ደግሞ በየስማቸው እየጠሩ እንጂ «አልጋ ስድስት» እያሉ አይደለም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ወደድኩት። ነቀፌታ ፍለጋ ሄጄ ነበር፤ ነቀፌታ ባገኝ ትቼው እመጣና ደግ ሰው እሆን ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ኸድር «ዛሬ የስህተት ስብሰባ አለን፣ ግባ» አለኝ። በየሳምንቱ አንድ የተበላሸ ዓይን አንሥተው፣ የት ጋ እንደተበላሸ ይነጋገራሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አልሰማሁም። ገና ደጁ ላይ ሆኜ ከአሥር አሥር ሞላሁለት።

አቅራቢው ኸድር ነበር። መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ አንድ ፊት በራ። ግንባሩ ላይ ፕላስተር አለ፤ ጫፉ እንደ አይጥ የበላው የተነጫጨ ነው። ዘመቻው ላይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁሉንም ታካሚ ፎቶ ያነሡ እንደነበር ረስቼዋለሁ። «የስልሳ ስምንት ዓመት ገበሬ» አለ ኸድር፣ ድምፁ ሳይናወጥ። ቀኑን አነበበ፣ ካርዱን አነበበ፣ የእጁን ሥራ ደረጃ በደረጃ አነበበ። «ዓይኑን ከካርዱ ጋር ራሴ ማመሳከር ነበረብኝ፤ አላመሳከርኩም» አለ። የመጨረሻው ስላይድ ላይ ግን የኮሚቴው ቃል ነበር፤ የስህተቱ መነሻ፦ የነርሷ ምልክት አደራረግ።

ሠላሳ ሰው ያችን መስመር ደብተሩ ላይ ገለበጠ። በየዓመቱ አዲስ የሚገቡት ሁሉ ይገለብጧታል። የእርስዎ ስም የለበትም፤ ያ ምሕረት መሰላቸው።

ፕሮግራሙን የሚመሩት ዶክተር ትሕትና ዘወር ብለው አዩኝ። «እንግዳችን፣ አመልካች ነህ አይደል? አንተ ብትሆን ይህን ስህተት የት ላይ ታስቆመው ነበር?»

ተነሣሁ። ጥሩ አድርጌ መለስኩ፣ ሲስተር። እንዲያ አሳምሬ የመለስኩበት ቀን የለም። «ካርዱ ከታካሚው መለየት አልነበረበትም። ታካሚው የሚሠራለትን ዓይን ራሱ በጣቱ መንካት ነበረበት። ምልክት የወደቀበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ያየችው ነርስ ዘንድ መመለስ ነበረበት» አልኩ።

«ምልክቱ እንደወደቀ በምን አወቅህ? ስላይዱ ላይ የለም።»

ሠላሳው ሰው ወደ እኔ ዞረ። በዚያች ጥያቄ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው የሚያስገባ በር ተከፍቶ ነበር።

«ቀኑ ኅዳር ጽዮን ነው» አልኩ። «የእኛ አገር ሰው ጸበል ይረጫል፤ ፕላስተር ደግሞ ውኃ አይችልም ብዬ ነው።»

ዶክተር ትሕትና ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። «አያችሁ?» አሉ ለተማሪዎቻቸው። «ያደገበትን ሰው የሚያውቅ ሐኪም ማለት ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልገው።» አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። የሠራሁትን ጥፋት በዝርዝር ስላወቅሁት ተጨበጨበልኝ።

ከስብሰባው በኋላ ኸድር ሻይ ጋበዘኝ። ደስ ብሎት ነበር። «ወላሂ፣ ገብተሃል በለው! ሴትዮዋ ማንንም እንዲህ አታወድስም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ግን ባንቴ፣ ያን ሰውዬ ባቀረብኩ ቁጥር ያመኛል። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ሁልጊዜም እኔው ላቅርበው ያልኩት ራሴ ነኝ። ጨርቁን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ገለጥ አድርጌ ግራውን ባየው…»

«ኸድር፣ ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ስደግምለት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ አንድ ዓመት ከአራት ወር ራሴን ስበላ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንተ መዝገቤን ልትመዝን መጣህ? ፍራሽ ስትቆጥር? የምግብ ነገር ስትጠይቀኝ?»

«ምግቡን አልጠየቅሁህም።»

«ልትጠይቅ ነበር። አውቅሃለሁ።»

ልጠይቅ ነበር።

«ያችን ነርስ ደግሞ» አለኝ እየተነሣ፣ «የዚያን ዕለት ምሳዋን አካፍላኛለች። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ በሠላሳ ሰው ፊት አዋረድኳት። በአንተ አፍ።» ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እስከ መናኸሪያ ሊሸኘኝ ቃል ገብቶ ነበር።

መኪናው ውስጥ መመዘኛዬን ደመርኩ። ዘጠና አንድ ወጣ። የቀነስኩት በአልጋውና በማይክሮስኮፑ ነው፤ ማይክሮስኮፑን መለስ ብዬ ሳስበው አብዝቼለት ነበር። እውነተኛ ጉድለቱ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። በዚያ ፕሮግራም የሚያስተምሩት ውሸት አንድ ነው፤ እሱንም ያዋጣሁላቸው እኔ ነኝ።

ደብረ ታቦር በገባሁ በማግስቱ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንዱን ለመርማሪ ኮሚቴው፣ አንዱን ለዶክተር ትሕትና። ያደረግሁትን እንዳለ ጻፍኩ፤ በሁለቱም ግርጌ ሙሉ ስሜን አስቀመጥኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ማኅተም ስታደርግበት «ቅሬታ ነው፣ ጥያቄ?» አለችኝ። ሁለቱም አይደለም ስላት «እንግዲያው ልዩ ልዩ በሚለው አስገባዋለሁ» አለች። በ«ልዩ ልዩ» ገባሁ። ከዚያ ምርጫዬን ሞላሁ። ያንኑ ፕሮግራም አንደኛ አደረግሁት፤ ሁለተኛና ሦስተኛውን ባዶ ተውኩ። እኔ መዝኜ ጨርሻለሁ፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው። አይቀበሉኝም ብዬ አስባለሁ። ከተቀበሉኝ ነጥብ እቀንስባቸዋለሁ።

የከበደኝ ግን ገሳይ ነው። ትናንት አያ በላይነህ ቤት ሄድኩ። ከመንገዱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ይገባል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌጤ ደጅ ላይ እህል ሲያበጥሩ አገኘኋቸው፤ ወደ ውስጥ «ዶክተር ነኝ የሚል መጥቷል!» ብለው ተጣሩ።

«ዓይኔን ይዞልኝ ከመጣ ይግባ፣» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ። «ባዶ እጁን ከሆነም ይግባ፤ ውጭ ፀሐይ ነው።»

አያ በላይነህ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው እንደ ወተት ነጥቷል፤ ቀኙ ሰርጉዷል። ያች ግራ ዓይን እኮ ዛሬም ብትሠራ ታያለች። ሐኪም የሚባል አይነካኝም ብለው፣ በሚድን ዓይን ታውረው ተቀምጠዋል።

ነገርኳቸው። ምንም ሳላሳምር።

«በየትኛው እጅህ?» አሉኝ።

«በቀኙ።»

«አምጣው።»

ሰጠኋቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ገበያ ላይ የበሬ ሰኮና እንደሚያይ ሰው አገላብጠው ዳሰሱ። «ለስላሳ ነው» አሉ። «ሥራ አልነካውም።» እጄን ግን አልለቀቁም። «ያች ነርስስ ታዲያ?»

«ምንም አላጠፉም። ትክክለኛው ላይ ነበር የለጠፉት።»

እጄን ጠበቅ አደረጉት። ወይዘሮ ጌጤም ማበጠራቸውን አቆሙ።

«ረግሜያታለሁ እኮ» አሉ አያ በላይነህ። «በዓመቱ፣ በዚያው በኅዳር ጽዮን፣ ደጀ ሰላም ቆሜ። ሕዝቡ አሜን ብሏል። 'እንደኔው ይጨልምባት' ብያታለሁ። አንተ ሰው፣ ምን አደረግኸኝ?»

«ዓይንዎን…»

«ዓይኔን ተወው! ዓይኔ ያንተ ኃጢአት ነው፤ አንተው ከፈጣሪህ ጋር ተነጋገርበት። እርግማኑ ግን የኔ ነው። ባላጠፋች ሴት ላይ እርግማን ጭኜ እንዴት ነው የምሞተው?» እጄን ወርወር አደረጉት። «ውሰደኝ እሷ ዘንድ።»

ግራ ዓይናቸው እንደሚድን፣ እኔ ሳልሆን የተካነ ሐኪም እንደሚሠራላቸው እየነገርኩ ለመንኳቸው። «መጀመሪያ እሷ ትየው» አሉ። «እሷ አይታ ይሠራ ካለች ይሠራል። አንተን አላምንም። ያንተን ጓደኞችም አላምንም።»

ሲስተር የሺ፣ የማደርገው ነገር ልክ እንዳልሆነ ይገባኛል። መጀመሪያ ጥፋቴን አሸከምኩዎት፤ አሁን ደግሞ የአንድ ሰው ዓይን የእርስዎን በር መክፈት ይጠብቃል እያልኩ ነው። ቢጠሉኝ አልደነቅም። ነገር ግን ይህን ሳይሰሙ በርዎ ላይ ይዣቸው ብቆም ሌላ ማታለል ስለሆነብኝ፣ ደብዳቤውን በሚኒባስ ሹፌሩ በማሩ እጅ አስቀደምኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከገሳይ እናነሣቸዋለን፤ ከሰዓት በኋላ ሐሙሲት እንደርሳለን። እኔን ማየት ካልፈለጉ ለማሩ አንድ ቃል ይንገሩት፤ እህትዎ ቤት ድረስ እሱ ያደርሳቸዋል፤ እኔ መንገድ ላይ እቀራለሁ። እሳቸውን ግን ያስገቧቸው። እሳቸው የሚያነሡት እርግማን አላቸው። እኔ የማነሣው የለኝም፤ የሠራሁት እንደተሠራ ይኖራል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ አልዘጋውም፤ እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም ጊዜ ይኑርዎት። በሩ ላይ ሁለት ደረጃ እንዳለ ሰምቻለሁ። አያ በላይነህ አያዩትም፤ እኔ ካልተፈቀደልኝ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ያዘጋጁልኝ።

ባንተአምላክ